ዝገቱን ተናግረው ነበር፦ የአቶ ወንድይፍራው ተሰማ የሕይወት ታሪክ

አቶ ወንድይፍራው ተሰማ ከአባታቸው ከአቶ ተሰማ ንብረትና ከእናታቸው ከወ/ሮ ተዋበች በ1954 ዓ.ም. ከጂንካ በላይ ባለችው በገዘር ይህችን ዓለም ተቀላቀሉ። አያታቸው ከሰሜን መጥተው በአሪ ምድር የሰፈሩ ገበሬ ነበሩ። አቶ ወንድይፍራው አማርኛውንም አሪኛውንም እኩል እየተናገሩ አደጉ፤ ሲቆጡ ግን በአሪኛ ነበር የሚቆጡት።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በገዘር ተከታትለው ወደ ጂንካ ቢወርዱም ከስምንተኛ ክፍል አላለፉም። በ1973 ዓ.ም. ጦር ሠራዊት ገብተው በከባድ መኪና ሹፌርነትና በመካኒክነት ሠለጠኑ። አሥር ዓመት ያህል በሰሜን ግንባር ስንቅ ሲያደርሱ፣ ቁስለኛ ሲመልሱ ኖሩ። በ1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን ከአንድ የጦር ጓዳቸው ጋር ገሚሱን በእግር፣ ገሚሱን በሰው መኪና ተጉዘው ጂንካ ገቡ። ይህ ጓዳቸው ኋላ የሥራ ሸሪካቸው ሆነ። ስሙን ቤተሰቡ አይጠራም፤ ጂንካ ያውቀዋል። አንቱታውንም የተውነው አውቀን ነው።

በ1985 ዓ.ም. ከወ/ሮ አረጋሽ ጋር ትዳር መሠረቱ። እሳቸው ኦርቶዶክስ፣ ወ/ሮ አረጋሽ ደግሞ ከአሪ የወንጌል አማኞች ቤተሰብ በመሆናቸው የሁለቱም ወገን አኩርፎ ነበር። ከሙሽራዪቱ ቤት በሠርጉ ላይ የተገኘው ታናሽ ወንድማቸው ለማ ብቻ ነው። ለማ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከቤታችን አልጠፋም። አቶ ወንድይፍራውም ወንድም ስላልነበራቸው ወንድሜ ይሉት ነበር።

በ1989 ዓ.ም. ከሸሪካቸው ጋር ሆነው ከሠራዊቱ የተረፈ አንድ አሮጌ ኡራል የጭነት መኪና ገዙ። ከገዘር እህልና ነጭ ሽንኩርት፣ በላዩም ገበያተኛ ጭነው ወደ ጂንካ ይወርዳሉ፤ በአልዱባ ገበያ ቀንም ወደዚያ ይሄዳሉ። የእነዚህ መኪኖች ፍሬን የሚሠራው በታመቀ አየር ነው። አየሩ የሚጠራቀመው ከመኪናው ሆድ ሥር በታሰረ የብረት ታንከር ውስጥ ነው። ከአየሩ ጋር የሚገባው እርጥበት ታች ይተኛና በየቀኑ ካላፈሰሱት ብረቱን ከውስጥ ይበላዋል። ከውጭ ቀለሙ ያማረ፣ ከውስጥ ግን ወንፊት ይሆናል። አቶ ወንድይፍራው ውሃውን ሳያፈስሱ ከቤት ወጥተው አያውቁም። መኪናው ግን እጃቸው ከመግባቱ በፊት ለዓመታት ተመልካች አጥቶ ቆሞ ነበር።

በ1995 ዓ.ም. ታንከሩ ማፍሰስ ጀመረ። ተበየደ። ከብየዳው አጠገብ እንደገና አፈሰሰ። አቶ ወንድይፍራው በጋራዡ ደጃፍ፣ በያጁ እየሰማ፣ ለሸሪካቸው፦

«ይሄ ብረት ተበልቶ አልቋል፤ ብየዳ አይዝም። እስኪቀየር መኪናው ይቁም» አሉት።

ሸሪካቸው ሳቀ። «በጥይት መሃል የነዳህ ሰውዬ፣ ዛሬ ዝገት ፈራህ?» አላቸው።

በዙሪያው የነበሩትም ሳቁ። ታንከሩ እንደገና ተበየደ። በማግስቱ የገበያ ቀን ስለነበር አቶ ወንድይፍራው ገዘር ወጥተው ጫኑ።

ቁልቁለቱ መሃል ላይ ብየዳው አፉን ከፈተ። ፍሬኑ ከእግራቸው ሥር ባዶ ሆነ፤ የእጅ ፍሬኑም ያን ሁሉ ጭነት አልገታውም። በአንድ ወገን ገደል ነበር። መሪውን ወደ ተራራው ጠምዝዘው መኪናውን ከዳገቱ የአፈር ግድግዳ ጋር አላተሙት። ብዙው ሰው ተረፈ። ከጭነቱ ላይ ተቀምጠው ከነበሩት ግን ሦስት ሰዎች ሞቱ። ከሦስቱ አንዱ ለማ ነበር።

ፍርድ ቤት ሸሪካቸው ቀርቦ፣ «ስለ ታንከር የነገረኝ ነገር የለም፤ መኪናውን የያዘው እሱ ነው» ብሎ መሰከረ። በያጁ አገር ለቆ ስለነበር አልተገኘም። አቶ ወንድይፍራው፦ «ነግሬዋለሁ። ቢሆንም የነዳሁት እኔ ነኝ» አሉ። ዳኞቹ የያዙት ይህንኑ ሁለተኛውን ቃላቸውን ነው፤ አራት ዓመት ተፈረደባቸው። ሸሪካቸው በዚህም አልበቃውም። ገዘር ወጥቶ የለማን እናት ሲያጽናና፣ «ምን ላድርግ እናቴ፣ ጠጥቶ ነበር» አላቸው። አቶ ወንድይፍራው መጠጥ በአፋቸው ዞሮ አያውቅም። አማታቸው ግን ልጃቸውን የቀበሩ እናት ናቸው፤ አመኑ። ከዚያ ወዲህ የልጃቸውን የወ/ሮ አረጋሽን ደጅ አልረገጡም።

አቶ ወንድይፍራው በ1999 ዓ.ም. ከእስር ሲፈቱ ኡራሉ ተጠግኖ፣ ሌላ ሹፌር ተቀጥሮለት በዚያው መንገድ ይመላለስ ነበር። እሳቸው ዳግመኛ መሪ አልጨበጡም። ከመኪና ላይም አልወጡም፤ ባጃጅ እንኳ አልተሳፈሩም። በጋራዥ እየሠሩ ከአሮጌ የጦር መኪናዎች የተበሉ ታንከሮችን ያወጡ ነበር። ያወጡትንም ሌላ ሰው ለጥፎ እንዳይገጥመው በመሮ ይበሱታል። ባለመኪናዎች «ቀዳጁ» የሚል ስም አወጡላቸው። ለክብር የወጣ ስም አልነበረም፤ በዚያ ስም የተነሣ ስንት ሥራ ቀረባቸው።

በ2001 ዓ.ም. በእግራቸው ገዘር ወጥተው ሳለ ያ ኡራል እዚያ ሰው ጭኖ ሊነሣ ሲል ታንከሩ እያፏጨ እንደሆነ ሰሙ። ሹፌሩን ለመኑት፤ አልሰማቸውም። ያን ጊዜ ከመኪናው ሥር ገብተው አየሩን አስተነፈሱና ታንከሩን በመሮ መቱት። ብረቱ እንደ እርጥብ ካርቶን ተቀደደ። ከላይ ያለው ሰው ወርዶ ከበባቸው። አንዲት ነጋዴ፦

«ገበያዬን አቃጠልክብኝ! እግዜር ያቃጥልህ!» አሉ።

«ገበያው በሳምንቱ ይመለሳል፣ እናቴ» አሏቸው።

ተደበደቡ። በንብረት ማውደም ተከሰው እንደገና ታሰሩ። ከነዚያ ተሳፋሪዎች ሊጠይቃቸው የመጣ ሰው የለም። በፊታቸው ላይ የነበረው ጠባሳ የዚያ ቀን ነው፤ የጦር ሜዳ ነው የሚሉ ስላሉ እዚህ ላይ ይታረም።

አቶ ወንድይፍራው በቤታቸው ቀላል ሰው አልነበሩም። ይቆጡ ነበር፤ ሲከፋቸውም ሳምንት ሙሉ ዝም ይሉ ነበር። ልጆቻቸው ከጭነት መኪና አጠገብ ከታዩ ጉድ ይፈላ ነበር። በየዓመቱ በለማ ሙት ዓመት ገዘር ድረስ በእግራቸው ወጥተው ከአማታቸው አጥር ውጭ ቆመው ይመለሳሉ። በሩ አይከፈትም። እሳቸውም አያንኳኩም።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ በጉበት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተዋል። ሆስፒታል የሄዱትም እንደ ፈቃዳቸው ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሟቸው ነው። ሕመማቸው ሲጠና ሽማግሌዎች ሸሪካቸውን ይዘው ከአልጋቸው አጠገብ መጡ።

«ይቅር በለኝ» አላቸው።

«ስለ ምኑ?»

«ስለ ሁሉም።»

«ሁሉም የሚባል በደል የለም። ነግሬህ ነበር ወይስ አልነገርኩህም?»

ሸሪካቸው መሬት መሬቱን አየ። «ያለፈ ነገር ነው» አለ።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ «ወንድይፍራው፣ ሞት ደጅ ቆሞ ቂም ምን ያደርግልሃል?» አሏቸው።

«ለእኔ አይደለም» አሉ አቶ ወንድይፍራው። «እኔማ ይቅር ብዬዋለሁ። ለለማ እናት ሄዶ ይንገርልኝ። ልጄን የገደለው ሰካራም ነው እያሉ ሊሞቱ ነው እኮ።»

ሸሪካቸው ተነሥቶ ወጣ። ገዘር አልሄደም።

አቶ ወንድይፍራው ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ዐረፉ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ አረጋሽን፣ ልጆቻቸውን በእምነትን፣ ታሪኩንና ኤፍራታን፣ እንዲሁም ሁለት የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል።

የለማ እናት ዛሬም በሕይወት አሉ። መርዶው ተነግሯቸዋል፤ ይህ ጽሑፍ እስከታተመበት ሰዓት ድረስ አልመጡም። ሸሪካቸው ግን ትናንት ከድንኳኑ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ሲያለቅስ ነበር። ዛሬም እዚህ ሳይመጣ አይቀርም። ልቅሶውን ቤተሰቡ አልጠየቀውም። ገዘር የሚሄደው ሚኒባስ ከመናኸሪያው ከሰዓት በኋላም ይነሣል።

አምላክ የአባታችንን ነፍስ ሐሰት በማይሰማበት ስፍራ ያሳርፍልን፤ ለእናታችን ብርታቱን፣ ለአያታችንም እውነቱን ሳይሰሙ እንዳያልፉ ዕድሜውን ይስጥልን።

ልጃቸው በእምነት ወንድይፍራው