የምዘለው ቃል

አዳማ፣ ኅዳር ፲፱፻፳፫ ዓ.ም.

ይድረስ ሞጆ ላለው ወንድሜ፤

እንደምን ከርመሃል? ደረትህን እንዴት አደረገህ? መታመምህን ኦቦ ወዬሳ ነገረኝ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ጤነኛ ነኝ፤ ጥርሴም አልረገፈም። ይህን ደብዳቤ ጸሐፊ ለምኜ ያስጻፍኩት እንዳይመስልህ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ነው፤ ጽሕፈቱ ቢጣመምም የእኔ ነው።

ወዬሳን ሽማግሌ አድርገህ ልከኸው ደጄ ተቀመጠ። ወንድምሽ ሳይቆርብ መሞት ፈርቷል፣ የነፍስ አባቱም መጀመሪያ ከእኅትህ ታረቅ ብለውታል አለኝ። እኅት የለኝም ብሎ ወንጌል ይዞ የማለው ማን ነበር አልኩት። ሳቀ። አንገትሽ እንደ ግመል ረዝሟል፣ ትንሽ ዝቅ በዪ አለኝ። ግመልም የሚንበረከከው ሊጫን ነው፣ እኔ መጫን በቅቶኛል ብዬ መለስኩለት።

አዝዬ ያሳደግሁህ እኔ ነኝ። አፍህን የፈታኸው እትዬ ብለህ ነው። በዚያው አፍህ ዳኛ ፊት ቆመህ፣ ይቺ ቤታችን ያደገች ገረድ ናት፣ የአባቴ ልጅ አይደለችም አልክ። የአባታችን መሬት ላንተ ተፈረደ። ስለ መሬቱ አላለቀስኩም፤ የወሰድክብኝ አባቴን ነው።

ከዚያ ወዲህ አባታችን ሆይ ስል፣ የበደሉንን ይቅር እንደምንል ከሚለው ስደርስ እዘለዋለሁ። እግዚአብሔርን አልዋሸውም ብዬ ነው። ፊደል ያስቆጠሩኝ መሪጌታ አንድ ቀን ሰሙኝ። እንግዲያ ከእሱ በፊት ያለውን፣ በደላችንን ይቅር በለን የሚለውንም ዝለዪዋ፣ ልመናው እኮ አንድ ነው አሉኝ።

ዛሬ ጠዋት ሳልዘል ደገምኩት። ድምፄ ከፍ ብሎ ኖሮ ጎረቤቴ ዙለይካ፣ ከማን ጋር ተጣላሽ ብላ መጣች። ታርቄ ነው አልኳት።

ይቅር ብዬሃለሁ፤ አንዲት ሳላስቀር። ወረቀቱን ለነፍስ አባትህ አሳያቸውና ቁረብ። ሽማግሌ ስለላክህ አይደለም። የተንበረከክሁት ለእግዚአብሔር ነው፣ ላንተ አይደለም።

ሞጆ ድረስ እንድመጣ አትጠብቅ። የሶደሬ ፍል ውኃ ግን ለደረት ደግ ነው ይላሉ። ጓዳዬን አስለቅልቄዋለሁ፤ ምስጥ አስቸግሮኝ ነው። ባቡሩ ሲያፏጭም ጣቢያ ወርጄ እቆማለሁ። ዳቦ ልሸጥ ነው፣ ሌላ አይምሰልህ።

አምላክ ከአልጋህ ያንሣህ። ቁርባኑን የሕይወት ያድርግልህ።

የአባትህ ልጅ፣
እትዬ