የሐዳሳ ማንኪያ

ለልጄ ለጵርስቅላ፣

ጌታ አንቺንም ባለቤትሽንም በሰው አገር በክንፉ ይጋርዳችሁ። እኛ ደኅና ነን፤ እዚህ ሆሳዕና ከተማ ዝናቡ አልለቀቀንም። እዚያ ደቡብ አፍሪካ በእናንተ ሰፈር ሱቅ ተዘረፈ ሲሉ ሰምቼ እንቅልፍ አጣሁ። ስልክሽም አልሠራ አለኝ፤ ይህን ደብዳቤ ወደ እናንተ ለሚመጣው ለጎረቤታችን ለማቴዎስ ሰጠሁት።

"እማ፣ ሐዳሳን አታጉርሻት፤ በማንኪያ ራሷ መብላት ትልመድ" ብለሽኝ አልነበር? እሺ ብዬ ከቡላና ከቅቤ የሠራሁትን አታካና አቀረብኩላት። ልጅሽ ግን ማንኪያውን ትሞላለች እንጂ ወደ አፏ አትወስደውም! አክስትሽ አዜብ "ልጅቷን በረሃብ ልትጨርሻት ነው?" ብላ ጮኸችብኝ። ተናድጄ ማንኪያውን ልነጥቃት ስል ሐዳሳ ይዛው ተነሥታ ሄደችና አንቺን በምታይበት ስልኬ ላይ ደቀነችው። እኛ ቤት ሰው ሳያጎርስ ሲበላ አይታ አታውቅም፤ ለካ መጀመሪያ አንቺን ልታጎርስ ነው። ስልኩ ጨልሟል፣ እሷ ግን ማንኪያውን እንደ ደቀነች ትጠብቃለች።

እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን። እባክሽ ልጄ፣ ደውዪ። ስትደውዪ ምክሩን ተዪውና አፍሽን ክፈቺላት።

እናትሽ አልማዝ