የሰሃኑ ተራ የኔ ነው

ድምቡሼ፣

በረራዬ ማታ ነው ያልኩሽ ውሸቴን ነው፤ ከሥራ ስትገቢ የለሁም።

ቤት ውስጥ አማርኛ ያወራ ሰሃን ያጥባል ብለን የለ? ይኸው በአማርኛ ጻፍኩልሽ፤ ሰሃኑንም አጥቤያለሁ። የጃፓንኛ መምህራችን ያስተማረን ይቅርታ ሁሉ አጎንብሰው የሚሉት ነው፤ ወረቀት ላይ እምቢ አለኝ።

የወጥ ቤቱን ቧንቧ አጥብቀሽ አትዝጊው፣ ክሩ አልቋል።
ቁልፌን ጎረቤታችን ልብስ ሰፊዋ ጋ ትቼዋለሁ።
መዝገበ ቃላቱ አልጋሽ ላይ ነው። ድሮም ያንቺ ነበር፤ ጃፓንኛውንም ያስጀመርሽኝ አንቺ ነሽ።
ካፖርትሽን ግን ወስጃለሁ። እዚያ ይበርዳል አሉ። ስደቢኝ።

መምህሩን ግን «አንድ ቀን ብቀር ጨክኖ ከእጩነት ሰረዘኝ» እያልሽ መርገሙን ተይ። ያቺ ትንሽ የጃፓን ዩኒቨርሲቲ በየዓመቱ ከክፍላችን አንድ ሰው ትወስዳለች፤ ዘንድሮ እኔን ወሰደች፣ ለከርሞ አንቺን ትውሰድ። ነገ ጠዋት ቢሮው ሂጂና፣ በቃል ፈተናው ቀን ትኩሳት አጋድሞሽ እንደነበር ራስሽ ንገሪው።

«ንገሪልኝ» ብለሽ የላክሻት፣ ካፖርትሽን የወሰደችው ልጅ አልነገረችውም።