ያላወጣሁልሽ እጅ

እህቴ ሸዋዬ፣ ለንስሐ አባቴም ለሟች ባለቤቴም ያልነገርሁትን ነገር ዛሬ ለአንቺ ልጽፍ ነው። ከዚያ በፊት ግን ጤናሽን ልጠይቅ፤ እንደምን አለሽ? የአሰብ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? ራስ ምታቱስ ለቀቀሽ? ባለቤትሽ ተክለሃይማኖት፣ ልጃችን ሣራ ደህና ናቸው? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ።

ሰሞኑን ወሬው ሁሉ የሸንጎ ምርጫ ነው። የሰፈራችን መምህር አለማየሁ ከሦስቱ ዕጩዎች አንዱ ሆኖ እሑድ ዕለት ቀበሌ አዳራሽ መጣ። ብመረጥ የምሟገተው ለክሊኒክ፣ ለጎርፍ መውረጃ ቦይና ለማታ ትምህርት ነው አለን። ጎረቤቴ ሀጂራ፣ ምላሷን ታውቂው የለ፣ «መምህር፣ ከተመረጥክ በኋላም እንዲህ በእግርህ ትመጣለህ ወይስ በመኪና አቧራ ታለብሰናለህ?» ብላ አዳራሹን በሳቅ ሞላችው። እሱም አብሮ ሳቀና «በእግሬ ካልመጣሁ ጫማዬን ቀሙኝ» አላት። ቀጥሎ የትኛው እንደሚቀድም እጅ አውጡ ሲለን ልቤ ዘጠኝ ዓመት ወደ ኋላ ሄደ።

በ1970 ዓ.ም. ቀበሌው አቅም ያለው ለአንዱ ብቻ ነው፣ ቦኖ ውሃ ወይስ ክሊኒክ ብሎ ሲሰበስበን አንቺ አራስ ነበርሽ። «እቴቴ፣ ለክሊኒኩ እጅሽን አውጪልኝ» ብለሽ ላክሽኝ። ቦኖው የሚተከለው ከደጄ ነበር። ውሃ በጀርባዬ ማመላለስ አንገፍግፎኝ ስለነበር እጄን ለቦኖው አወጣሁ። ቦኖው በአንድ እጅ በለጠ። ስመለስ «አውጥቼልሽ ነበር፣ ተሸነፍን» አልሁሽ። በዓመቱ ያቺን ሕፃን ልጅሽን ወባ ሲያንዘፈዝፋት፣ ጋሪ ፈልገን ሆስፒታል ሳንደርስ እቅፍሽ ውስጥ አረፈች። አንቺ ሰፈሩ አስጠልቶሽ ለቀቅሽ። እኔ ከዚያ ቦኖ ስቀዳ ኖርሁ።

እሑድ ብዙ ሰው ለቦዩ አወጣ። ጎርፉ ክረምት በመጣ ቁጥር እኔም ቤት ይገባል፤ ቢሆንም ለክሊኒኩ አወጣሁ። መምህሩ ዝምታዬን ያውቃልና «እትዬ መሰለች፣ እስቲ ምክንያትዎን ይንገሩን» አለኝ። ተነሣሁ፤ ከምርጫው በፊት ባለው ስብሰባ እናገራለሁ፣ አስቀድሜ የምነግራት ሰው አለች ብዬ ተቀመጥሁ።

ሌላ ሰው እንዳያውቅብኝ ደብዳቤ ጸሐፊ ዘንድ አልሄድሁም። ስኳር ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ እየለቀምሁ የተማርሁት ፊደል ለዚህ ይሆነኛል ብዬ አላሰብሁም ነበር። ይቅር በዪኝ ለማለት ፊት የለኝም። ብትቆጪም፣ ብትረግሚኝም ይገባኛል። ዝም ብቻ አትበዪኝ፣ ሸዋዬ።

ተክለሃይማኖትን ሰላም በዪልኝ። ሣራን ሁለቱንም ጉንጮቿን ሳሚልኝ። ሀጂራ ሰላም ብላሻለች፤ ደብዳቤውን የያዘልኝ ባሏ አብዱልጀባር ነው፣ ነገ በከባድ መኪናው ወደ አሰብ ይወርዳል። ሲመለስ አንድ መስመርም ቢሆን ስጪው።

እህትሽ መሰለች
ናዝሬት፣ ግንቦት 18 ቀን 1979 ዓ.ም.

(በፖስታው ላይ) አብዱልጀባር ወንድሜ፣ ይህን ወረቀት ለባሏም ለልጇም እንዳትሰጥብኝ። ተቀባይዋ እህቴ ሸዋወርቅ ራሷ ናት።