ባሌን አደራ የላክሁበት ሳምንት

ሰኔ 16፣ ሰኞ
ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኬ ጮኸ። «ማከማቻው ሞልቷል።» ደግሞ ጀመረ! ቅዳሜ ሊዲ ከኬጂ ትመረቃለች፤ ብቻዋን ትዘምራለች። አምና በበዓላቸው ቀን እንዲሁ ሞልቶ መቅረጽ አቃተኝ። «እማ፣ የኔ ቪዲዮስ?» ስትለኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር።
ፎቶ ግን አላጠፋም። ሞቼ ነው!

ሰኔ 17
ካልኩሌተሩን አጠፋሁ። ኮምፓሱንም... አዳማ ውስጥ ኮምፓስ ምን ያደርግልኛል? ምንም ለውጥ የለም።

ሰኔ 18
ዘዴ መጣልኝ! እዚሁ ቅርብ ደራ ከተማ ያሉት የባሌ ታላቅ ወንድም፣ ጋሽ ምልኬሳ፣ አዲስ ስልክ ተገዝቶላቸዋል። ባዶ ነው። ከባሌ ከአለማየሁ ጋር በውሃ ፓምፕ ተጣልተው ሁለት ዓመት አልተነጋገሩም፤ ከእኔ ጋር ግን ሰላም ነን። በቴሌግራም አደራ ብልክላቸውስ? የሊዲን ፎቶ ከእጄ አላወጣም። የባሌን ይያዙልኝ። 140 ላክሁ። «ያስቀምጡልኝ» ብዬ ልጽፍ ስል ፓኬጄ አለቀ። ነገ እጽፋለሁ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ
ጉድ!
ጠዋት በር ላይ ኡኡታ። ጋሽ ምልኬሳ! ከኋላቸው ሚስታቸው እትዬ የሺዓለም ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ አንድ ሚኒባስ ሙሉ ለቀስተኛ። «ያ ኦቦሌሳ ኮ! ወንድሜ! ሳንታረቅ!» ያን ሁሉ የአለማየሁ ፎቶ ያለ አንድ ቃል ሲያዩ... ለካ መርዶ መስሏቸው! እኔም ደንግጬ «ማን ሞተ?» እላለሁ።
አለማየሁ በቁምጣ፣ ጥርሱን እየቦረሸ ብቅ አለ።
ጋሽ ምልኬሳ ትክ ብለው አዩት። «አንተ!» ብለው ቂጡ ላይ ከዘራ አቀመሱት። ከዚያ አቅፈውት አለቀሱ። እሱም አለቀሰ፤ የጥርስ ሳሙናው ኮታቸው ላይ። ለለቅሶው ያመጡትን ንፍሮ ቁርስ አደረግነው።

ሰኔ 20
ጎረቤቴ ሃፍሳ ስቃ ስቃ ሲወጣላት ስልኬን ተቀበለችኝ። የሞላው በፎቶ አይደለም! የዕድሩ ግሩፕ ቪዲዮ በራሱ እየወረደ... 21 ጊጋ! ቴሌግራሙን አጸዳችው። ፎቶ አንድም አልተነካም።
«ይኸው ነው?»
«ይኸው ነው። ሰው ከምትገድዪ ብትጠይቂኝስ?»
አለማየሁ አኩርፏል። «ለለቅሶዬ ከመሥሪያ ቤት አንድ ሰው እንኳ አልመጣም» ይላል።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ
ሊዲ ዘመረች። ዓይኔን ከሷ ሳልነቅል ሙሉውን ቀረጽኩ!
ቤት ገብተን ከፈትነው... የጋሽ ምልኬሳ ባርኔጣ። ሰባት ደቂቃ ሙሉ ባርኔጣ! አጠገቡ የአለማየሁ መላጣ። ባርኔጣው ወደ መላጣው ጎንበስ ይላል፤ ይንሾካሾካሉ፤ ይስቃሉ። ከሊዲ ድምፅዋ ብቻ።
«እማ፣ እኔስ የታለሁ?»
አንጀቴን በላችኝ። ጋዋኗን መልሼ አለበስኳት። ሶፋው ላይ ቆማ እንደገና ዘመረች፤ እኔም እንደገና ቀረጽኩ። ጋሽ ምልኬሳ ባርኔጣቸውን አውልቀው ምንጣፉ ላይ፣ ከወንድማቸው ጎን ተቀመጡ።
አለማየሁ «የመጀመሪያውን አጥፊው እንግዲህ፣ ቦታ ይይዛል» አለኝ።
አላጠፋውም።