ስምንት ወር የት እንደነበርሁ ለጠየቁኝ ክቡር መርማሪ

ለተከበሩ የዜግነት ማመልከቻ መርማሪ
ሚኒያፖሊስና ሴንት ፖል አካባቢ
የካቲት 2008 እ.ኤ.አ.

ክቡር ሆይ፣

ይህች ጽሑፍ እጅዎ ስትገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ ጠረጴዛዎ ላይ ያለችውና ባለጉዳይ ሁለት ሰዓት ውሃ ተጠምቶ ሲጠብቅ በየመሀሉ ውሃ የሚያጠጧት አበባም ጭምር በሙሉ ጤንነት እንድትገኙልኝ ልባዊ ምኞቴ ነው። የዘንድሮው ብርድ ጉልበት የሚፈታ ስለሆነ ወገብዎን ሞቅ ያድርጉ። ደብዳቤውን በአማርኛ በመጻፌ አይቀየሙኝ፤ አስተርጓሚ ፈልጎ ማምጣት የራስ ኃላፊነት መሆኑን በመጠበቂያ ክፍልዎ ግድግዳ ላይ በትልልቅ ፊደል ተጽፎ ስላነበብሁ፣ ይህንኑ መልካም ሥርዓት ማክበሬ ነው።

ምናልባት ከረሱኝ፣ ኦላና መርጋ እባላለሁ። ከባለቤቴ ከሜቲና ከልጃችን ከፋዮ ጋር ኒው ሆፕ ውስጥ በኪራይ አፓርትመንት እኖራለሁ። እኔ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እነዳለሁ፤ ሜቲ ሮቢንስዴል ሆስፒታል ውስጥ በሽተኛ ታነሣለች፣ ታጥባለች፣ ታገላብጣለች። ወደዚህ አገር በስደተኛነት የገባነው በአንድ አውሮፕላን ነው። ለዜግነት ግን እሷ ቀድማ አመለከተች፤ እኔ «ከእኅቴ ሠርግ ስመለስ አመለክታለሁ» ብዬ ቀጠርሁ። ሰውን ለእርስዎ የሚያደርሰው እንዲህ ያለው ቀጠሮ መሆኑን ያኔ የነገረኝ አልነበረም።

በ2004 እ.ኤ.አ. በሰኔ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ለእኅቴ ለኢብሲቱ ሠርግ ለሦስት ሳምንት ብቻ ብዬ ወደ ጊምቢ ሄድሁ። አባቴ አቶ መርጋ ሰባ ዓመት አልፏቸዋል፤ ነገር ግን የልጃቸው የሠርግ ዳስ ሲተከል ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የሚመለከቱ ሰው አይደሉም። ምሰሶው ጠመመ ብለው መሰላል ላይ ወጡ። «አባባ፣ ይውረዱ እንጂ» ብላቸው፣ «አንተ ሳትወለድ እኔ ጣራ ላይ ነበርኩ!» አሉኝ። ይህን ብለው ሳይጨርሱም ወረዱ፤ በመሰላሉ ግን አልነበረም።

የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። የአንድ ሚኒባስ ወንበሮች አስወልቀን፣ ፍራሽ አንጥፈን አዲስ አበባ ሆስፒታል አደረስናቸው። ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ቁስሉ አመረቀዘና ደግመው ከፈቱት። እናታችን ካረፈች ቆይታለች፤ ኢብሲቱ ሙሽራ ናት፤ የቀረነው እኔና አባባ ነበርን። ሦስቱ ሳምንት ስምንት ወር ሆነ። እርስዎን ያስከፋዎት ይህ ስምንት ወር ስለሆነ፣ እኔም ቅሬታዬን በሥርዓቱ ቁጥር ሰጥቼ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ በመጀመሪያው ቃለ መጠይቅ ላይ እንግሊዝኛዬን በማድነቅዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ስለ ሕገ መንግሥቱ የጠየቁኝን ሁሉ መልሼ ስጨርስ «ኤክሰለንት!» ብለውኝ ነበር። ደስታዬ ግን ፓስፖርቴን እስኪገልጡ ድረስ ብቻ ቆየ።

«ስምንት ወር?» አሉኝ፣ መነጽርዎን ወደ ግንባርዎ እየሰቀሉ።

ነገሩን ሁሉ አስረዳሁ። በትዕግሥት አዳመጡኝና፣ በዚያ በሚኒሶታ ሰው ለስላሳ ፈገግታ፣ «ታዲያ አባትዎን የሚንከባከብ ሰው ለምን አልቀጠሩም?» አሉኝ።

«ቀጥረን ነበር» አልሁዎ፤ «የተቀጠርሁት እኔ ነኝ።»

ይህን የተናገርሁት ላስቅዎ አልነበረም፤ እርስዎም ባለመሳቅዎ ምስጋናዬ የላቀ ነው። ቀጥለው የት እተኛ እንደነበር ጠየቁኝ። ከአባቴ አልጋ ሥር፣ ወለል ላይ፣ አልሁ። «እንግዲያው በዚያ ጊዜ ኑሮዎ እዚያ ነበር ማለት ነው» ብለው ጻፉ። ክቡር ሆይ፣ በሕይወቴ ብዙ ቦታ ተኝቻለሁ፤ የሆስፒታል ወለል መኖሪያ አድራሻዬ ሆኖ ሲመዘገብልኝ ግን የመጀመሪያዬ ነው።

ሁለተኛ፦ ከስድስት ወር በላይ ከአገር የወጣ ሰው ኑሮውን እዚህ እንዳቋረጠ እንደሚገመት፣ አላቋረጥሁም የሚል ካለ ራሱ እንዲያስረዳ ሕጉ እንደሚያዝ አስተማሩኝ። ሕግ ነው፣ አከብራለሁ። የቤት ኪራይ ውሉን አመጣሁ፤ የታክስ ወረቀት አመጣሁ፤ የአውቶቡሱ ኩባንያ ቦታዬን ይዞ እንደጠበቀኝ የጻፈልኝን አመጣሁ። እርስዎም አንድ በአንድ አገላብጠው «ይህ የሚያሳየው ባለቤትዎ እዚህ እንደነበሩ ነው» አሉኝ። እውነትዎን ነው። ከእኛ በታች ባለው ፎቅ አንድ ደግ ጡረተኛ ይኖራሉ፤ በረዶው ሊጥል ሲል ፀሐይ ወደማይጠፋበት ወደ አሪዞና ይሄዱና ሣሩ ሲለመልም ይመለሳሉ። በዓመት ግማሹን የሉም፤ በየዓመቱ። ኑሮዎ የት ነው ብሎ የጠየቃቸው ግን የለም፤ እንዲያውም ሲመለሱ ፊታቸው ስለጠቆረ «እንዴት አምሮብዎታል!» ይባላሉ። እኔም ፊቴ ጠቁሮ ነው የተመለስሁት፤ ያማረብኝ መስሎ ለምን እንዳልታየዎ እስካሁን ይገርመኛል።

ሦስተኛ፦ ይህኛው ቅሬታ ይሁን ምስጋና እኔም አልለየሁትም። «በሚቀጥለው ቀጠሮ ባለቤትዎን ይዘው ይምጡ፤ ከእርሳቸው ልስማ» አሉኝ። ሜቲን ይዤ መጣሁ። ከፈረቃዋ በቀጥታ ስለመጣች የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ነበር። ደረቅ ወንበር ላይ አስቀመጧትና ገና ሰላምታው ሳያልቅ ጠየቋት፦

«በዚያ ስምንት ወር ባለቤትዎ እዚህ ነበሩ?»

«አልነበረም!» አለች። «ይጻፉት። አልነበረም።»

እርስዎም ብዕርዎን አነሡ። ሜቲ ሲከፋት እንግሊዝኛዋ ይበልጥ እንደሚጠራ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርሁ፤ አሁን እርስዎም ያውቃሉ።

«ታኅሣሥ ላይ መኪናው አልነሣ ሲለኝ አልነበረም» አለች። «ልጄን አቅፌ ጎሕ ሳይቀድ አውቶቡስ ስጠብቅ አልነበረም። በረዶ ላይ አዳልጦኝ የእጄ አንጓ ሲሰነጠቅ አልነበረም። በታሰረ እጄ አንድ ወር ሙሉ በሽተኛ አንሥቻለሁ፤ ሥራ ብቀር ቤቱን ማን ያቆመዋል? ሴንት ፖል ዜግነቴን ስቀበል ሰው ሁሉ ከዘመዱ ጋር ፎቶ ይነሣል፤ እኔ ካሜራዬን ለማላውቃት ሴት ሰጥቼ ከልጄ ጋር ተነሣሁ። የዚያን ቀንም አልነበረም።»

ክቡር ሆይ፣ እኔ ከእነዚህ አንዱንም አላውቅም ነበር። በየእሑዱ በቴሌፎን ካርድ ስደውልላት «ሁሉ ሰላም ነው፣ አባባን ደህና አድርገህ ያዝ» ነበር መልሷ። ስለ እጇ አልነገረችኝም። ስለ ፎቶው «ቆንጆ ነበር» ብቻ ብላኛለች። ወንበሬ ላይ ሆኜ ወደ እርስዎ ማየት አቃተኝ፣ ወደ እሷም ማየት አቃተኝ፤ ያቺን አበባ አየሁ።

እርስዎ ግን ሥራዎን አልረሱም። «ታዲያ እንደሚመለሱ በምን አወቁ?» አሏት።

«በምን አወቅሁ?» አለች ሜቲ። «የሠርግ ልብስና ሦስት ሸሚዝ ይዞ አገር የሚቀይር ሰው አይተው ያውቃሉ? ጌታዬ፣ እኔ ስምንት ወር ሙሉ በየቀኑ ተቆጥቼዋለሁ። ጥሎኝ የሄደ ሰው ቢሆን አለቅስለት ነበር፣ ከዚያም እተወው ነበር። ሰው የሚቆጣው ይመጣል ብሎ የሚጠብቀውን ነው። እሱ እዚህ ባይኖር ኖሮ እኔ ማንን ነበር የምቆጣው?»

ያኔ ነው ብዕርዎን ያስቀመጡት። ምን እንዳሰቡ አላውቅም። ጉሮሮዎን ጠረጉ፤ «ውሳኔው በፖስታ ይደርስዎታል» አሉን። ከዚያም ለሜቲ በሩን በገዛ እጅዎ ከፈቱላት። ለእኔ ሁለት ጊዜ ስገባ ስወጣ አልተከፈተም፤ ቢሆንም ቅሬታዬ ውስጥ አላስገባውም፤ ለሷ መከፈቱ ይገባታል።

የሆነውን ሁሉ ማወቅ መብትዎ ስለሆነ፣ ከበሩ ውጭ የሆነውንም ልንገርዎ። መኪና ማቆሚያው ላይ መኪናችን ውስጥ ገባን፤ ቁልፉን ይዤ ተቀመጥሁ።

«የትኛው እጅሽ ነው?» አልኋት።

«አሁን ምን ያደርግልሃል? ድኗል።»

«አሳዪኝ።»

ጓንቷን አውልቃ የግራ እጇን ሰጠችኝ። አንጓዋ ላይ ትንሽ እብጠት አለች፤ አጥንቱ ሲገጥም ጠሞ የቀረ ነው። ስንት ዓመት አብሬ በልቼ፣ ያንን እጅ ይዤ መንገድ ተሻግሬ፣ አላየሁትም።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብነግርህ ምን ታደርግ ነበር? አባባን አልጋ ላይ ጥለህ ትመጣለህ? አትመጣም። ብትመጣም እኔ ራሴ አልከፍትልህም ነበር።» ከዚያ ጓንቷን መለሰችና፣ «በል ሞተሩን አስነሣው፣ ነገ ጠዋት ሥራ አለብኝ፤ ሳልተኛ ልትገድለኝ ነው?» አለችኝ።

አላስነሣሁትም። ቁልፉን ዘረጋሁላት። እሷ ወርዳ ዞራ መጣችና ከሹፌሩ ወንበር አስነሥታኝ፣ ቤት ድረስ ራሷ ነዳች። አርባ ሕፃን ጭኖ በበረዶ ላይ የሚነዳ ሰው ባለቤቱ ነድታ ወሰደችው፤ ይህንንም ከፈለጉ መዝገብዎ ላይ ያስፍሩልኝ።

እና እንግዲህ፣ ክቡር ሆይ፣ ምስጋናዬ እዚህ ላይ ነው። ለሦስት ዓመት በአንድ ቤት ውስጥ ያላወቅሁትን የባለቤቴን ድካም በግማሽ ሰዓት ውስጥ አሳወቁኝ። ሽማግሌ ሰብስቤ ብለምን፣ ቄስ ብጠራ እንዲህ አይወጣልኝም ነበር። ሰውን ሊያሳጣው የተጠየቀ ጥያቄ እንዲህ ያለ ነገር ሲሰጠው ማየት በእውነት ያስደንቃል። አስበውበት እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ግን ስጦታ ስጦታ ነው።

ውሳኔውም በፖስታ ደረሰኝ፤ ተፈቅዷል። ባለፈው ወር ሴንት ፖል ውስጥ ቀኝ እጄን አንሥቼ ማልሁ። ሜቲ ከሥራ ፈቃድ ወስዳ፣ ቀይ ካፖርቷን ለብሳ፣ ከሦስተኛው ረድፍ ሆና ሳታቋርጥ ስታጨበጭብ በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ ዞረው ያዩዋት ነበር። እኔ እንባዬ መጣ። ፋዮ ከእናቷ ጎን ቆማ በእፍረት እየተሸማቀቀች፣ «ዳድ፣ ስቶፕ ክራይንግ!» አለችኝ፤ አላቆምሁም። ልጅ ሳለሁ አባቴም እንዲህ አልቅስ ሲለኝ አላለቅስም፣ ዝም በል ሲለኝ አላቆምም ነበር።

ማታውኑ ጊምቢ ደወልሁ። አባባ ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ኢብሲቱ ሁለት ልጅ ወልዳለች። የአሜሪካ ዜጋ መሆኔን ስነግራቸው «ታዲያ ከዛሬ ጀምሮ የማን ልጅ ነህ?» ብለው ጠየቁኝ።

«ያው የመርጋ ነኝ፣ አባባ።»

«እንግዲያው ደህና» አሉ። «መሰላሉን ሠርተነዋል፤ ስትመጣ ታየዋለህ።»

እነሆ ክቡር ሆይ፣ የደረሰብኝንም የደረሰልኝንም ሳላስቀር አቅርቤአለሁ። ሥራዎ የተቃና፣ ሻይዎ የሞቀ፣ በፊትዎ የሚቀመጠው ባለጉዳይ ሁሉ ከአገሩ ንቅንቅ የማይል፣ ወላጁም ከመሰላል የማይወድቅ እንዲሆንልዎ እመኛለሁ። አባቱ የወደቀበት ከመጣ ደግሞ፣ እባክዎ ከፓስፖርቱ በፊት ባለቤቱን ይጥሩለት።

ከመቀመጫዬ ተነሥቼ፣ ኮፍያዬን አውልቄ፣ ብርዱን ታግሼ እጅ የምነሣዎ፣

አዲሱ ዜጋዎ
ኦላና መርጋ
ከኒው ሆፕ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በደስታ ብዛት የዜግነት ሰርተፊኬቴን ያነበብሁት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ስሜ «ኦላፍ መርጋ» ተብሎ ተጽፏል። ኦላፍ የዚህ አገር የኖርዌይ ተወላጅ ሽማግሌዎች ስም መሆኑን ከእኛ በታች ያሉት ጡረተኛ አስረድተውኛል፤ ስሙንም ወደውታል። ስሕተቱን ለማስተካከል ፓስፖርቴን ይዤ እንደገና እርስዎ ፊት መቅረብ እንዳለብኝ በስልክ ተነገረኝ። ከሜቲ ጋር ተመካከርንና እንዲሁ እንዲቀር ወሰንን። ስለዚህ ወደ ቤቴ ሲደውሉ እባክዎ ኦላፍን ብለው ይጠይቁ፤ ሥራ ላይ ካልሆንሁ አለሁ።