ቃሌን እስክጨርስ

ሐሙስ፣ የካቲት 6 ቀን

ይድረስ ለእታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ ደህና ነን። እማዬን ጉልበቷ ትንሽ ያስቸግራታል እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው። እኔ ግን ናፍቆትሽ በርትቶብኛል።

የአውቶቡስ ጋራዡ ኃላፊ ሆኜ መሾሜን ሰምተሻል። ያልነገርኩሽ፣ ከተሾምኩ ወዲህ ስብሰባ ላይ ትንፍሽ ብዬ አለማወቄን ነው። ስንተባተብ እንዳይስቁብኝ ፈርቼ፣ በእኔ ፈንታ የሚያወራው ምክትሌ ነበር። ሾፌሮቹ "ሬዲዮ" ይሉታል፤ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም።

ማክሰኞ ሥራ አስኪያጁ፣ "ትልቁ አውቶቡስ ነገ ተማሪዎቹን ይዞ ይወጣል?" ብሎ ጠየቀ። ሬዲዮ ቀደመኝና "ምን ችግር አለው፣ ዝግጁ ነው!" አለ። ፍሬኑን የሞከርኩት እኔ ነኝ፤ አላመንኩትም፤ ይህንንም ለሬዲዮ ነግሬዋለሁ። እንዲያ ያለው አለቃ ማስቀየም ስለማይወድ ነው።

ብድግ አልኩ።

"አ... አ... አይወጣም።"

ከኋላ አንዱ ሳቀ። ሬዲዮ "ለማለት የፈለገችው..." ብሎ ሊነጥቀኝ ሲል፣ ያቺ ፊቷ የማይፈታው የዕቃ ግምጃ ቤት ኃላፊ፣ "አንተ ሰው፣ አፏን ተከራይተኸዋል እንዴ? ተዋት፣ ትጨርስ!" አለችው።

"ፍ... ፍሬኑ ሳይሠራ፣ እ... እኔ እያለሁ አይወጣም።"

ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ። "እሺ፣ ይፈታ" አለ። ስንፈታው የፈራሁት አልቀረም፤ የፍሬን ሸራው አልቆ ብረቱ ሊፋጭ ምንም አልቀረውም።

ዛሬ ጠዋት ስብሰባውን ራሴ መራሁት። ተንተባተብኩ፤ ጠበቁኝ። ሬዲዮም ማዳመጥ እየለመደ ነው፤ ጭንቅ ይለዋል መሰለኝ፣ እግሩን ሲያወዛውዝ ነበር።

ስወጣ ግን ዓይኔ የፈለገው አንቺን ነው። ልጅ ሳለን ቃሌን የማትነጥቂኝ አንቺ ብቻ ነበርሽ። አገጭሽን በእጅሽ ደግፈሽ፣ ሌላ ጉዳይ እንደሌለው ሰው ትጠብቂኝ ነበር። አሁን ስትደውዪ "ገባኝ፣ ገባኝ እህቴ" ትያለሽ። እውነትሽን ነው፤ ሥራ ይጠብቅሻል። ይህንን በስልክ ያልነገርኩሽ ለዚያ ነው።

የእጅሽን ሥራ ይባርክልሽ፤ ክፉ አይይሽ፤ እማዬም ሳትደክም ለመገናኘት ያብቃን። ስትመጪ ሻንጣ አታብዢ። ጊዜ ብቻ ይዘሽልኝ ነይ።

ታናሽሽ